የሐሙስ ካሴት

ሰውየው ብረቱን ይዞ የገባው ጠዋት፣ ገና መስኮት እየከፈትን ሳለ ነው። ብረቱ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ነበር። እኔን አላየኝም። ተራ ይዘው የተቀመጡትን ሁለት አሮጊቶችም አላያቸውም። በቀጥታ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና የኮምፒውተሩን ስክሪን መታው። ስብርባሪው ፊቴ ላይ ተረጨ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሣጥን በሽቦው ጎትቶ አወጣና ወለሉ ላይ አጋድሞ ይቀጠቅጠው ጀመር።

«የታለ? ቃሏ የታለ?» ይላል በየምቱ መሃል።

አንደኛዋ እማማ «ኧረ በእናትህ» እያሉ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። እኔ እጄ የገባውን ወፍራም መዝገበ ቃላት ወርውሬ ጀርባውን መታሁት። ዞር ብሎም አላየኝ። ቆርቆሮው ተቀዶ ሆድ ዕቃው ሲታይ ብረቱን ሽቅብ አነሣና መሃሉ ላይ አሳረፈው። ብረቱ ነጥሮ ግድግዳውን ቦደሰው። ከዚያ ተቀመጠ። ፖሊስ እስኪመጣ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ላቡን በእጀታው እየጠረገ፣ የቀን ሥራውን እንደጨረሰ ሰው አርፎ ቆየ።

መስበሩ ብቻ አይደለም ያናደደኝ። ትክክል መሆኑ ነው። ቃሏ እውነትም እዚያ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ሌላ የትም አልነበረም።

ቢሮአችን እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ጊሜል በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ምድር ቤት ነበር። ከኢትዮጵያ ለመጡ ቤተሰቦች ደብዳቤ እናነባለን፣ ስልክ እንደውላለን፣ ሐኪም ዘንድ አብረን ሄደን እንተረጉማለን። ባል የሚደበድባቸው ሴቶችም ይመጣሉ። አብዛኞቹ መጻፍ አይችሉም፤ ዕብራይስጡም ገና አልገባቸውም። ስለዚህ የራሳችን አሠራር ነበረን። ሴትየዋ በአማርኛ ትናገራለች፣ እኛ ድምጿን ኮምፒውተሩ ላይ እንቀዳለን፣ በኋላ እኔ እያዳመጥኩ በዕብራይስጥ እጽፈዋለሁ። ዘዴውን ያመጡት ኃላፊያችን ናቸው፤ ጥሩ ዘዴ ነበር። ሴት ፖሊስ ፊት ስትቀርብ ምላሷ ይታሰራል። እኛ ዘንድ ግን ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሰብስባ፣ እንደ ልቧ ታወራለች።

እኔ በዚያ ቢሮ ያልሆንኩት ነገር የለም፤ ጸሐፊም፣ አስተርጓሚም፣ የቧንቧ ጠጋኝም። የኮምፒውተር ትምህርት ስለተማርኩ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ምላሴ ስለት ነው ይሉኛል። ውሸታቸውን አይደለም።

የሰውየው ሚስት ከዚያ ሳምንት ቀደም ብላ ነበር የመጣችው። ሽኩና ቫቭ ነው የምትኖረው፤ አረጋውያን ቤት ውስጥ ሰው እያጠበች፣ አልጋ እያነጠፈች ልጆች ታሳድጋለች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ማይክሮፎኑን ፊቷ ሳስቀምጥላት አየት አደረገችውና፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ ሁሉ፣ ድምጿን ሳትሰብር ተናገረች።

«ሲመታኝ አይጮህም። ቀስ ብሎ ነው የሚያወራ። ‹ለሚሽታራ ብትናገሪ አፍሽን ነው የምሰብረው፤ ከዚያ ወዲያ ለማን እንደምትናገሪ አያለሁ› ይለኛል። ብረቱን ከአልጋው ሥር ነው የሚያስቀምጠው። ልጆቹ ያውቁታል። ሲጠርጉ ዙሪያውን ነው የሚጠርጉ።»

ሚሽታራ ፖሊስ ማለት ነው፤ እኛ ሰፈር ፖሊስን በሌላ ስም የሚጠራው የለም። ያን ቃሏን በዚያ ሳምንት ልተረጉመው ነበር። ብረቱ ቀደመኝ። ቢሮ ውስጥ ነገር እንደተናገረች ማን እንደነገረው እስከዛሬ አላውቅም፤ ከሽኩና ቫቭ እስከ ጊሜል በአውቶቡስ ትንሽ መንገድ ነው፣ ወሬ ደግሞ ትኬት አይቆርጥም።

የኮምፒውተር ጠጋኙ የተቀጠቀጠውን ሣጥን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ውስጡ ያለው ዲስክ ተፈረካክሷል። ባልየውን ጥቂት ቀን አስረው፣ ወደ ቤቱ እንዳይጠጋ አዘው ለቀቁት። እሷም ወሬውን ሰምታ መጣች። በሩ ላይ ቆማ የተቦደሰውን ግድግዳ አየችው።

«እንደገና ልናገረው?» አለች።

«እንደገና» አልኳት። አፈርኩ። እሷ ያላፈረችውን እኔ አፈርኩላት።

«እሽ። ግን ይኸኛውንም ቢሰብረውስ?»

«ይኸኛውን ማንም አይነካውም» አልኳት። ይህን ስል በእጄ ምንም አልነበረኝም፤ ቁጣ ብቻ ነበረኝ። ቃሏን ግን እንዳላስነካ ለራሴ ማልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ያ ሆነ።

ኃላፊያችን በዕድሜ የገፉ፣ በአገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ዕቃ ፈልጊ አሉኝ። የሁላችንንም ኮምፒውተሮች ባንድ መረብ የሚያገናኝና የሁላችንን ሥራ ባንድ ቦታ የሚያስቀምጥ ሣጥን ነው የፈለግነው። አንድ ጠረጴዛ ቢሰበር ሥራው እንዲተርፍ። እሳቸው ርካሹን ብቻ አምጪ አሉ። እኔ ብረት የማይሰብረውን አልኩ።

መጀመሪያ የመጣው ሻጭ ሽቶ የተቀባ፣ ቦርሳው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነበር። ባለ ብዙ ቀለም ወረቀቱን ዘረጋልኝና ሣጥኑ ውስጥ መንታ ዲስኮች እንዳሉ ነገረኝ። አንዱ ላይ የተጻፈው ወዲያው ሌላው ላይም ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። «መስታወት በይው» አለኝ።

ወደ ግድግዳው ወስጄ ጉድጓዱን አሳየሁት። «ይህን የሠራ ሰው ብረቱን ይዞ ቢመለስ፣ ከመንታዎቹ የትኛው ነው የሚተርፈው?»

ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅሁ ሲያይ አቆመ። «ሁለቱም አንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው» አለ።

«እሺ፣ ሰው ከውስጥ ሆኖ ቢያጠፋውስ? ተሳስቶ፣ ወይም አስፈራርተውት?»

«መስታወት ነዋ። ከዚህ ሲጠፋ ከዚያም ይጠፋል።»

ሂድ ልለው ፈልጌ ሻይ ጠጣ አልኩት። ኃላፊያችን ዋጋውን ወደውለት ነበር። ሲወጣ በሩን ከኋላው ጮክ አድርጌ ዘጋሁት፤ ምን አደረገሽ ብለው ተቆጡኝ።

ሁለተኛው ከሩሲያ የመጣ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ዕብራይስጡ ከእናቴ ዕብራይስጥ ብዙ የማይሻል ሰውዬ ነበር። ወረቀት አልዘረጋም። ጉድጓዱን ራሱ አየውና በጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ።

«ማንን ነው የምትፈሩት?»

«እ?»

«እሳት የሚፈራ አለ። ሌባ የሚፈራ አለ። ዲስኩ በራሱ ጊዜ እንዳይሞት የሚፈራም አለ። እናንተ ማንን ነው የምትፈሩት?»

«ባሎችን» አልኩት።

አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና አስረዳኝ። እሱ የሚሸጠው ሣጥን እንደዚያኛው መንታ ዲስክ አለው፤ በጀርባው ግን የካሴት ማጫወቻ የሚመስል መሣሪያ ይሰካበታል። ቀኑ ሲያልቅ ሣጥኑ ራሱ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ያለውን ሁሉ ካሴት ላይ ይገለብጣል። ለየሥራ ቀኑ አንድ ካሴት አለ። ከእሑድ እስከ ረቡዕ ያሉት ቢሮ ይቀመጣሉ፤ በሳምንቱ እላያቸው ላይ ሌላ ይጻፍባቸዋል። የሐሙሱ ግን ወጥቶ ሌላ ቤት ያድራል። ለሐሙስ ብቻ ብዙ ካሴቶች ስላሉ ያው ካሴት እንደገና ተራው እስኪደርሰው ሳምንታት ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ሣጥኑን ቢሰብሩት፣ ቢያቃጥሉት፣ ሰው ቢያጠፋው፣ ካሴቱ ላይ ያለው አይነካም።

አንድ ካሴት አውጥቶ ሰጠኝ። መዳፍ የሚሞላ ጥቁር ነገር ነው። ጠርዙ ላይ በጥፍር የምትንሸራተት ትንሽ ቀይ ፕላስቲክ አለች።

«ወዲህ ስትሆን ይጻፍበታል፣ ይጠፋበታል። ወዲያ ስትገፊያት ተዘጋ። መሣሪያው ራሱ እምቢ ይላል» አለ።

ያችን ቀይ ነገር ወዲህና ወዲያ እያንሸራተትኩ ተጫወትኩባት። ደስ አለኝ። ለኃላፊያችን ይህ ካልተገዛ እኔ ነገ አልመጣም አልኳቸው። አጉረመረሙ፣ ስልክ ደወሉ፣ ማዘጋጃ ቤት ተመላለሱ፤ ተገዛ።

ሣጥኑን ያስቀመጥነው ማማድ ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ብረት የሆነው የቦምብ መጠለያ ክፍል። ያኔ ሮኬት ገና ቤር ሼቫ መድረስ አልጀመረም፤ ክፍሉ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበር። ባልዲውን አውጥተን ሣጥኑን አስገባን። እሷም መጣችና ሁሉንም እንደገና ተናገረች። ብረቱን፣ አልጋውን፣ ልጆቹ ዙሪያውን እንደሚጠርጉ። «አፍሽን ነው የምሰብረው» ያላትንም። ስትጨርስ ማማድ ውስጥ አስገብቼ ሣጥኑን አሳየኋት። ካሴቱንም ሰጠኋት፤ የቀይዋን ነገር ሥራ ነገርኳት። በጥፍሯ ነካ አደረገቻት።

«ይቺ ናት የምትጠብቀኝ?» ብላ ፈገግ አለች። ጥርሷ ነጭና ሙሉ ነበር። አስታውሰዋለሁ።

ሐሙስ ማታ ካሴቱን ይዤ ሽኩና ዩድ አሌፍ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እናቴ የበዓል ልብሷን የምታስቀምጥበት ሻንጣ አለ፤ እዚያ ውስጥ ከነጩ ቀሚስ ሥር ወሸቅሁት። ምንድን ነው አለችኝ። የሰው ቃል ነው አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ሻንጣውን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋዋ ሥር አደረገችው።

በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ሽማግሌዎች መጡ።

ሽምግልናን የማያውቅ ሰው ነገሩ ተራ ሊመስለው ይችላል። እኛ ዘንድ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚዳኙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ካስታረቁ በኋላ ነገሩ ይቀበራል። የተቀበረን ነገር መልሶ የሚያወጣ ሰው ከደበደበው ይልቅ ይወቀሳል። አገር ቤት ይህ ብዙ ደም አድርቋል፤ አልክድም። ግን እዚያ ሲታረቁ የሚስት ወንድሞች በጎረቤት አሉ። እዚህ የእሷ ወንድሞች አንዱ ሃይፋ፣ አንዱ መቃብር ነው።

ሽማግሌዎቹ ባልየውን ከፊት፣ እሷን ከኋላ አድርገው ገቡ። መሪያቸው ነጭ ጢማቸውን ያሳደጉ፣ ኃላፊያችን ራሳቸው ተነሥተው ወንበር የሚለቁላቸው አባባ ነበሩ። ባልየው ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ወደቀ፤ ይቅር በይኝ አለ። እሷ ወለሉን እያየች «እሽ» አለች። ሌላ ምን ትበል? ክፍሉ ሙሉ ወንድ ነበር።

«እንግዲህ የተባለው ሁሉ እዚህ ይቀበር» አሉ አባባ። «ወረቀቱም ይቀደድ።»

ቃሏን በዕብራይስጥ የጻፍኩበትን ወረቀት ኃላፊያችን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጧቸው። አባባ ማንበብ አይችሉም፤ ቀደዱት፤ ደግመው ቀደዱት።

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውስ?» አለ ባልየው፣ ቀስ ብሎ።

ያኔ ነው የጮህኩት። «እሷን ጠይቋት እንጂ እሱን ምን ትሰሙታላችሁ?» አልኩ። አባባ አዩኝ። «ልጄ፣ እርቅ ላይ እሳት አይጫርም» አሉ። ኃላፊያችን ትከሻዬን ይዘው ወደ ጎን ገፉኝና ራሳቸው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ከኋላቸው ቆመው እያዩ፣ የእሷን ስም የያዘውን ሁሉ አጠፉት፤ ድምጿንም፣ ትርጉሙንም።

«ሌላ ቦታ የለም?» አሉ አባባ።

«የለም» አሉ ኃላፊያችን።

አልዋሹም። ካሴቱ ሣጥኑን እየተከተለ የሚሄድ፣ ከሣጥኑ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነበር የሚመስላቸው። ስንገዛው አስረድቻቸው ነበር፤ ዋጋውን ነበር የሚሰሙት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ስለዚህ አፌን ያዝኩ። ባልየው ሲወጣ የግድግዳውን ጉድጓድ አየት አደረገ፤ እኔንም አየኝ።

በዚያ ሳምንት ከእሑድ እስከ ረቡዕ ያሉት ካሴቶች ላይ አዲስ ነገር ተጻፈ። እሷ ከዓለም ላይ ጠፋች፤ እናቴ አልጋ ሥር ካለው ሻንጣ በቀር።

የዚያ ካሴት ተራ የደረሰው ከሳምንታት በኋላ ነው። በደንቡ መሠረት ካሴቱን ከሻንጣው አውጥቼ ወደ ቢሮ ይዤ መምጣት፣ እላዩም ላይ ማስጻፍ ነበረብኝ። ቤት ውስጥ በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። እናቴ «ከታረቁ ለምን ትይዢዋለሽ?» አለችኝ። ካሴቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። በአውቶቡሱ ውስጥ፣ ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ሰድጄ፣ ቀይዋን ነገር በጥፍሬ ወዲያ ገፋኋት። ቢሮ ስደርስ ለኃላፊያችን አንድ ካሴት ስለጎደለን አዲስ ይገዛ አልኳቸው።

«ምን ሆኖ ጎደለ?»

ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። በሩን ዘጉ።

«እኔ በሽማግሌ ፊት የለም ብያለሁ። ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?»

«አንቱ የሚሆኑትን ይሁኑ፤ እሱን አልሰጥም።»

«ሁለቱ ታርቀዋል እኮ! የሰው ትዳር በእጅሽ ይዘሽ ልትዞሪ ነው? አምጪ።»

ያኔ ወደ ዕብራይስጥ ዞርኩ። ስናደድ በዕብራይስጥ ነው የማናግራቸው፤ በዕብራይስጥ አንቱታ የለም፣ አፍ እንደልብ ይሆናል። አንተ ዲስክ ስታጠፋ ብረቱን ከአልጋው ሥር አውጥተኸዋል ወይ አልኳቸው። የቦርሳዬን ማንገቻ ያዙ። እኔም ያዝኩ። ማንገቻው ተበጠሰ፤ ቦርሳው ተገለበጠ፤ ካሴቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሊያነሡት ሲጎነበሱ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስቴፕለር አንሥቼ እጃቸውን መታኋቸው። አጥንት ላይ አረፈ። ድምፁን ሰማሁት።

አስተማሪ የነበሩ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። አላፈርኩም፤ ዛሬም አላፍርም። እጃቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመው አዩኝ፤ ደም ጣታቸው ላይ ይንጠባጠባል። «ነገ እንዳትመጪ» አሉኝ። ካሴቱን አነሣሁና ወጣሁ፤ ማታ ወደ እናቴ ሻንጣ መለስኩት። በነጋታው መጣሁ። አላባረሩኝም፤ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ያን ሰሞን በጽሑፍ ብቻ ተነጋገርን።

እሷን አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አገኘኋት። እንዴት ነሽ አልኳት። «ይመስገን» አለችና ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። ብረቱስ ልላት ፈልጌ አልቻልኩም። ቲማቲሟን መርጣ ሄደች።

ባሏ ያጠቃት ጠዋት ነው፣ ፎቋ ሥር ካለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ፤ ወደ ሥራ ልትሄድ ቆማ ሳለ። ጎረቤቷ ናት ደውላ የነገረችኝ። ብዙ ሰው አይቷል። መጀመሪያ ጉልበቷን በብረት መታው፤ ስትወድቅ ፊቷን ገልብጦ ያዘው። ከዚያ አፏን። ሴቶች ጮሁ፣ የአውቶቡሱ ሹፌር ወርዶ ሮጠ፤ እስኪደርስ ድረስ ሰውየው አፏን ብቻ ነበር የሚመታው፣ ሌላ ቦታ አይነካም። አልጮኸም አሉ። ቀስ ብሎ እያወራ ነበር።

ሆስፒታል ስገባ አላወቅኋትም። አገጯን በሽቦ አስረውታል፤ ከአፍንጫዋ በታች ያለው ሁሉ እብጠትና ስፌት ነው። ምላሷን ራሷ ነክሳ ቆርጣዋለች። ሐኪሙ ትኖራለች፣ ንግግሯን ግን እንጃ አለ። አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ማድረግ የምፈልገው መግደል ነበር። እንዲሁ ነው፣ አላሳምረውም። ያንን ሰው በእጄ ይዤ መግደል ነበር የምፈልገው።

ፖሊሶች ቢሮ መጡ። የባልየው ጠበቃ ሰውየው ድንገት ራሱን ስቶ ያደረገው ነው እያለ ነበር። ከታረቁ ወዲህ በሰላም ሲኖሩ፣ ጠዋት በቃል ተጋጭተው፣ ደሙ ፈላ። ዛቻም፣ ዝግጅትም የለም። ለዚህ ሽማግሌዎቹ ይመሰክራሉ። እሷ መናገር አትችልም። እናንተ ዘንድ የቀረ ነገር አለ ወይ አሉ ፖሊሶቹ።

ኃላፊያችን የእጃቸውን ጠባሳ አዩ። እኔ «አለ» አልኩ።

ካሴቱን ከሻንጣው አመጣሁ። ያ ጢማሙ ሻጭም ተጠርቶ መጣ፤ መሣሪያው ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። ካሴቱ መዞር ጀመረ። ይቆማል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይዞራል። ላይነበብ ይችላል ብዬ ፈራሁ፤ ሙቀት ቢነካውስ፣ የእናቴ ሻንጣ ውስጥ አቧራ ቢገባበትስ? ሻጩ «ካሴት ቀስ ይላል» አለኝ። ኃላፊያችን ከበስተኋላ ቆመዋል። ማማድ ውስጥ እኛ ሦስታችንና የመሣሪያው ጩኸት ብቻ ነበርን።

ከዚያ ስሟ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ከፈትኩት።

«ሲመታኝ አይጮህም። ቀስ ብሎ ነው የሚያወራ...»

ሙሉ አፏ ነበር። ምላሷም፣ ጥርሷም። «አፍሽን ነው የምሰብረው» የሚለው ጋ ስትደርስ ኃላፊያችን በቁማቸው ግድግዳውን ይዘው ቁልቁል ተንሸራተቱና ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጠባሳ ያለበትን እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ ደስ ያለኝ ይመስለኛል፣ ክፉ ደስታ።

«የለም ያልኩት ውሸት ሆነ» አሉ በኋላ።

«ሆነ» አልኳቸው።

«ይሁን። ፍርድ ቤት ቀርቤ ራሴ እናገረዋለሁ።»

ተናገሩም። የት እንደተቀዳ፣ ማን እንዳጠፋው፣ እንዴት እንደተረፈ፣ ሁሉን በራሳቸው አፍ፣ አባባ ፊት። ከዚያ ድምጿን አሰሙ። አስተርጓሚው ገና ሁለተኛውን ቃል ሳይጨርስ ባልየው ከተቀመጠበት ተነሣ። ፊት ለፊቱ ወደተቀመጠችው ወደ እሷ አልሄደም። ወደ ድምፅ ማጉያው ነው የዘለለው። አግዳሚውን ተሻግሮ፣ ሽቦውን ጨምድዶ ሊበጥስ ሲል ፖሊሶች ደርሰው መሬት ላይ ደፉት፤ ጉልበታቸውን ጀርባው ላይ አድርገው ሲያስሩት ግንባሩ ተሰንጥቆ ወለሉን ደም አለበሰው። ድምጿ አልተቋረጠም። እሱ ተደፍቶ፣ እሷ እስከ መጨረሻው ተናገረች። አባባ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ብዙ ዓመት ተፈረደበት።

እሷ ቢሮ የመጣችው ሽቦው ከተፈታ በኋላ ነው። አፏ በአንድ በኩል ተጣሟል፤ በመሃረብ ትሸፍነዋለች። ለመናገር ስትሞክር የሚወጣው ድምፅ ቃል አይሆንም፤ እሷም ታውቃለች፣ ስለዚህ በእጇና በዓይኗ ነው የምታወራው። መስማት እንደምትፈልግ በጆሮዋ አመለከተችኝ። አሰማኋት። ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የራሷን ድምፅ ሰማች። እንባዋ መሃረቡ ውስጥ ገባ።

ሲያልቅ ካሴቱን ከመሣሪያው አወጣሁት። ቃሏን አንዱ በብረት፣ ሌላው በእርቅ ሲያጠፋው፣ እኔም በስቴፕለር ስጠብቀው፣ ማንኛችንም እሷን ጠይቀናት እንደማናውቅ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቀይዋን ነገር ወዲህ መለስኳት፤ ካሴቱ ክፍት ሆነ።

«ፍርዱ አልቋል» አልኳት። «ያንቺ ነው። ይጥፋ ካልሽ አሁን አጠፋዋለሁ። ይቀመጥ ካልሽም ይቀመጣል።»

መዳፏ ላይ አደረግሁላት። ካሴቱን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ልጆቿን ያሰበች መሰለኝ። ከዚያ መሃረቧን ከአፏ ላይ አነሣች፤ ሁለት እጅ አስፈለጋት። በአንዱ ካሴቱን ይዛ፣ በሌላው አውራ ጣት ጥፍር ቀይዋን ነገር ወዲያ ገፋቻት። መዘጋቷን ደግማ በጣቷ አየች። ቦርሳዋን ከፍታ ከቤቷ ቁልፍ ጋር አስገባችው።

ለእኔ መልሳ አልሰጠችኝም።